ሦስተኛ ፎቅ የወጣው ጭቃ

ባለፈው ሳምንት ጋን ያቭኔ ዳር ካለ የእንስሳት መኖ መሸጫ አንድ ከረጢት ጭድ ገዛሁ። ለልጄ ጥንቸል ነው። ከረጢቱን መኪናዬ ኋላ ጭኜ ቤት ገባሁና ረሳሁት። ለካ የኋላው መስኮት በደንብ አልተዘጋም ነበር፤ በማግስቱ ጠዋት የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ሲወርድ ጭዱ ረጠበ። ልጆቹን ትምህርት ቤት ላደርስ ስወርድ፣ የኋላውን በር ብከፍተው ሽታው ፊቴን መታኝ። እርጥብ ጭድ ምን እንደሚሸት ታውቃላችሁ? እንደ እንጀራ ሊጥ ትንሽ ይኮመጥጣል፣ እንደ ፀሐይ ትንሽ ይሞቃል። እጄን በሩ ላይ አድርጌ ቆሜ ቀረሁ። ጎረቤቴ ቆሻሻ ሊጥል ወርዶ ኖሮ፣ «ምን ጠፋብሽ?» አለኝ። የአባቴ እጅ ሸተተኝ ብል ማን ይገባዋል?

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ከጻቫ ከተፈታሁ ገና ሁለት ወር ሆኖኛል፤ እኛ ቤት ሠራዊት የሚል የለም፣ እናቴ እንኳ «ልጄ ከጻቫ ተፈታች» ነበር የምትለው። ቤታችን እስራኤል ውስጥ፣ ክርያት መላኺ ነበር፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የሌለው አሮጌ ሕንፃ። በሩ ሲከፈት ረጅምና ጠባብ ኮሪደር ይቀበላችኋል። መስኮት የለውም። ቀን በቀን መብራት ይበራበታል፤ ቀለሙ ከርጥበቱ የተነሣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይላጣል። እናቴ በየሳምንቱ በበረኪና ታጥበዋለች፣ እሱም በየሳምንቱ መልሶ ይሻግታል።

አባቴ በአገሩ ቤት ሠሪ ነበር። ከስሜን ተራሮች ሥር ነው የተወለደው፤ ውርጭ በሚወርድበት አገር በእንጨትና በድንጋይ፣ በጭቃም፣ የስንቱን ሰው ቤት አቁሟል። እዚህ መጥቶ ግን ቤኤር ቱቪያ ከሚገኙት መጋዘኖች በአንዱ ሣጥን ተሸካሚ ሆነ። አንድ ቀን ወገቡ «ቀጭ» አለ። ከዚያ ወዲህ ዓመት አልፎታል፤ በረንዳ ላይ፣ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ መንገዱን ማየት ሆነ ሥራው። ዕብራይስጡም ስለማይሆንለት በየቢሮው አፉ እኔ ነበርኩ። እሱ አጠገቤ ይቀመጣል፣ ጸሐፊዋ እኔን ትጠይቃለች፣ እኔ እመልሳለሁ፣ ወጥተን እንሄዳለን። ቤት ስንደርስ «እግዜር ይስጥሽ» ብሎኝ ወደ በረንዳው ይመለሳል።

ታላቅ እኅቴ ገዴራ ውስጥ የጥርስ ሐኪም ጸሐፊ ነበረች። አንድ የያቭኔ ልጅ ወዷት፣ እሷም ወዳው፣ ወላጆቹና ሽማግሌዎች ከአንድ ወር በኋላ ሊጠይቁን እንደሚመጡ ተነገረን። እናቴ ምን እንደምታበላቸው ታስባለች፤ እኅቴ ግን ሐሳቧ ሁሉ ኮሪደሩ ላይ ነው። «ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው፤ እዚያ ላይ ካፈርን ሳሎን እስክንደርስ አልቆልናል» ትል ነበር። አንድ ቀን ሐኪሙ የጣለውን መጽሔት ይዛ መጣችና ገጹን ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው።

የአንድ ቤት መግቢያ ሥዕል ነበር፣ በረዶ ባለበት ተራራ ላይ የተሠራ ቤት። አንዱ ግድግዳ ጣውላ ነው፣ ሌላው እንደ ድንጋይ ሻካራ። ወፋፍራም የእንጨት ኩላቦች፣ ጥግ ላይ የተሰቀለ የሱፍ ምንጣፍ።

«የተራራ ስታይል ይባላል» አለች እኅቴ። «አሁን ሰው ሁሉ ይህን ነው የሚያሠራ።»

«ምነው ነጭ ቀለም ብንቀባው?» አለች እናቴ።

አባቴ ውኃ ሊጠጣ መጥቶ ነበር። ብርጭቆውን አስቀምጦ ገጹን አነሣ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ ብዙ አየው። አባቴ አንድን ነገር እንዲያ ልብ ብሎ ሲያይ ካየነው ቆይቶ ነበር።

«ይህን ቤት የሠራው ሰው ብርድ ያውቃል» አለ። «እይው፣ በሩ አጠገብ ነው ልብሱን የሚሰቅል። ግድግዳውም ወፍራም ነው።» ገጹን መልሶ አስቀመጠና «እኔ እሠራዋለሁ» አለ።

በማግስቱ ጠዋት በረንዳው ባዶ ነበር። አባቴ ዓመት ሙሉ ሊያየው ወዳልፈለገው መጋዘን ሄዶ፣ የተሰባበሩትን የዕቃ መጫኛ ጣውላዎች ስጡኝ ብሎ ጠየቀ። እኔ ሳልኖር፣ በራሱ አፍ! እንዴት እንደጠየቀ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከቀትር በኋላ አብሮት ይሠራ የነበረ አንድ ግዙፍ ሩሲያዊ ጣውላውን ጭኖ አመጣለት፤ «ያላ፣ ያላ»፣ ቶሎ ቶሎ፣ እያለ ግማሹን ብቻውን ከመኪናው አወረደው። አባቴ ሕንፃው ሥር ተቀምጦ ጣውላውን ፈታ፣ ምስማሩን አንድ በአንድ ድንጋይ ላይ እያቀና በቆርቆሮ አጠራቀመ። ሲልገው የጥድ ሽታ ደረጃውን ሁሉ ሞላው። ኩላቦቹን ከባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ጠረባቸው። በሳምንት ውስጥ የቀኙ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ጣውላ ለበሰ። እኅቴ ከደስታዋ ብዛት በባዶ ኩላብ ላይ ቦርሳዋን እየሰቀለች ታወርድ ነበር።

ጠቡ የመጣው በግራው ግድግዳ ነው። እኅቴ ድንጋይ የሚመስል የግድግዳ ወረቀት አይታ ኖሮ እሱን እንለጥፍ አለች።

«ወረቀት ግድግዳ ይሆናል?» አለ አባቴ። ከተረፈው ጣውላ ቀጫጭን ማገር ሰንጥቆ ግድግዳው ላይ መታ። ከዚያም ከከተማው ዳር ካለ እርሻ ጥቁር አፈር፣ ከላም እርባታ ጭድ አስመጣ። እናቴ የልብስ ማጠቢያ ገንዳዋ ውስጥ የተቦካውን ስታይ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«ከጭቃ ቤት ወጥተን፣ በእግራችን ሱዳን ተሻግረን፣ በአውሮፕላን መጣን! አሁን ደግሞ ጭቃውን ሦስተኛ ፎቅ ታወጣልኝ?»

አባቴ ግን መረገው።

መጀመሪያ ቆንጆ ነበር፣ ጥቁርና ለስላሳ፣ ኮሪደሩም ቀዝቀዝ አለ። በአራተኛው ቀን ግን መሰንጠቅ ጀመረ። በስድስተኛው ቀን ግድግዳው በበጋ እንደ ደረቀ የወንዝ ግርጌ ሆነ። እንግዶቹ ሊመጡ ዐሥራ አንድ ቀን ቀርቶ ነበር። እናቴ ወጥ ቤት ገብታ አለቀሰች። እኅቴ ግድግዳውን አይታ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። አባቴ ግን በእጁ እፍኝ ጭቃ ይዞ ስንጥቁን በጣቱ እየዳበሰ ቆሟል፣ የሆነውን ያየም አይመስል። በገንኩ።

«አባ፣ በቃህ!» አልኩት። «የሰው መሳቂያ ልታደርገን ነው?»

ዞሮ አየኝ። የመቆጣት ነገር ፊቱ ላይ አልነበረም። በእጁ የያዘውን ጭቃ ቀስ ብሎ ገንዳው ውስጥ መለሰ፣ እጁን ታጠበ፣ በረንዳው ላይ ወጥቶ ተቀመጠ።

እኔም ዛሬ እናት ነኝ። ትልቋ ልጄ ትምህርት ቤት በር ላይ በአማርኛ ስጠራት፣ «እማ፣ አታሳፍሪኝ» ትለኛለች፤ ትስቃለች፣ ክፉ ልብ የላትም። ያን ጊዜ ጭቃውን ቀስ ብሎ የመለሰው እጅ ይመጣብኛል። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሦስት ቀን ዝም አለ። ምግብ ሲሰጡት ይበላል፣ «ተመስገን» ይላል፣ ሌላ ቃል አይወጣውም። እናቴ እንኳ ተጨነቀች። «ሂጂና አንድ ነገር በይው» አለችኝ። ምን ልበለው? ይቅርታ የሚባለውን ቃል በአማርኛ ለአባቴ ብዬው አላውቅም ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት እናቴም እኅቴም ሥራ ሄዱ። እኔና እሱ ብቻ ቀረን። በኋላ በኩል ወዳለው የልብስ ማስጫ በረንዳ ሄድኩ። ገንዳው ውስጥ የተረፈው ጭቃ ደርቋል። ውኃ ጨመርኩበት፣ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ጠቀለልኩ፣ ገባሁበት። በእግሬ ጭቃ ስረግጥ የመጀመሪያዬ ነበር። ይቀዘቅዛል፣ ጣት መሐል ይገባል፣ ሲለቅ «ጭልጥ» ይላል። ያ ድምፅ ቤቱን ሁሉ ሞላው። እያንዳንዱን እርምጃ እንደሚሰማው አውቃለሁ። ላቤ እስኪወርድ ረገጥኩ።

ቀና ስል በሩ ላይ ቆሟል።

«ጭዱ አነሰ» አለኝ።

«ስንት ልጨምር?»

«ጨምሪ፣ ሲበቃ እነግርሻለሁ።»

ጨመርኩ። ወንበሩን ጎትቶ አጠገቤ ተቀመጠ። እግሬን እያየ፣ «ተረከዝሽን ተጠቀሚ» ይላል። ከዚያ ስለ ግድግዳው እንዲህ አለኝ፤ «የመጀመሪያው ምርጊት ሁልጊዜ ይሰነጠቃል። ቤት የሚያደርገው ሁለተኛው ነው። ሁለተኛው እንዲይዝ ነው የሚሰነጠቀው። ግን ይህ የእናንተ ጥቁር አፈር እልኸኛ ነው፣ ቀይ አሸዋማ አፈር ካልገባበት እንደገና ይኮማተራል።»

«ታዲያ እንደሚሰነጠቅ ለምን አልነገርከንም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

እውነቱን ነው። እኔ እንኳ፣ በየቢሮው አፉ የነበርኩት፣ አባቴን ስለ ሥራው አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም። እግሬ ጭቃ ውስጥ እንዳለ፣ «አባ፣ ያን ቀን…» ስል በእጁ ተዪው የሚል ምልክት ሰጠኝ። «ቀይ አፈር የት ይገኛል?» አለኝ።

ገዴራ! እኅቴ ሥራ ቦታ ስሄድ ነጭ ጫማዬን የሚያቀላው አፈር ትዝ አለኝ፤ አዲስ ሕንፃ ለመሥራት መሠረት ሲቆፍሩ እንደ ኮረብታ ከምረውታል። በማግስቱ የገበያ ጋሪ ይዘን በአውቶቡስ ሄድን። አባቴ ክምሩ ላይ ጎንበስ ብሎ እፍኝ አነሣ፣ ምራቁን ጠብ አድርጎ በአውራ ጣቱ አሸው፣ ለጆሮው አስጠግቶ እያሻሸ ሰማው። ዘበኛው እንደ እብድ ያየናል። «ውሰዱት፣ ውሰዱት» አለ፣ ቶሎ እንድንሄድለት። ሁለት ከረጢት ሞላን።

ስንመለስ የአውቶቡሱ ሾፌር ከጋሪው ጋር ስንታገል አይቶ፣ «ምንድን ነው የያዛችሁት?» አለኝ። አፈር ነው ለማለት አፌ እንቢ አለ። «ድንች ነው» አልኩት በዕብራይስጥ።

ከተቀመጥን በኋላ አባቴ፣ «ምን አልሽው?» አለኝ።

«ድንች።»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አመመው እንዴ ብዬ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቀ ነው። «እንግዲያ ከበቀለ ለሾፌሩም እንልክለታለን» አለ። ወገቡን በእጁ ደግፎ፣ ዕንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ያ ሳቅ ዓመት ሙሉ ጠፍቶብን የነበረ ሳቅ ነው። ከገዴራ እስከ ክርያት መላኺ ሳቁ ባበቃ ቁጥር አንዳችን «ድንች» እንላለን፣ እንደገና ይጀምረናል።

ሁለተኛውን ምርጊት አብረን መረግነው። እሱ ጎንበስ ማለት ስለማይችል ከወገብ በላይ ያለው የሱ ሆነ፣ ከወገብ በታች ያለው የኔ። ከሰዓት በኋላ እናቴ ከሥራ መጣች። ቦርሳዋን ኩላብ ላይ ሰቅላ የኔን ሥራ ለረጅም ጊዜ ተመለከተች።

«ወዲያ በይ!» አለችኝ። «እንዲህ ነው የሚለቀለቅ? ማን አሳደገሽ?»

እጅጌዋን ሰበሰበች። መዳፏን ውኃ ነክራ ግድግዳውን በሰፊው፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ እንደ ሕፃን ጀርባ ዳበሰችው። በአገሯ መርገጡና መምረጉ የወንድ፣ መለቅለቁ የሴት ሥራ ነበር። ያን ዕለት ያወቅሁት ነው። አባቴ ከኋላዋ ቆሞ አያት። «እጅሽ አልረሳም» አላት። «ዝም በል፣ ውኃ አምጣልኝ» አለችው። ስትናገር ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር፣ ፈገግታዋን እንዳናይባት።

በዚህ መሐል በሩ በኃይል ተንኳኳ። ከታችኛው ፎቅ የምትኖረው ከሞሮኮ የመጣች አሮጊት ነበረች፤ ድምፅ በሰማች ቁጥር ጣሪያዋን በመጥረጊያ እንጨት የምትመታብን ሴት። ከበረንዳችን የወረደ የጭቃ ውኃ ያጠበችውን አንሶላ አበላሽቶባታል። አንሶላውን እንደ ባንዲራ ይዛ ገባች፣ ልትጮህ አፏን ከፈተች። ሳትጮህ ቀረች። አሸተተች። ሁለት እርምጃ ሄዳ መዳፏን እርጥቡ ግድግዳ ላይ አሳረፈች።

«የአባቴ ቤት» አለች በዕብራይስጥ። «አትላስ ተራራ ላይ። ልክ እንዲህ ነበር።»

ለእናቴና ለአባቴ ተረጎምኩላቸው። አባቴ፣ «ጭቃው ውስጥ ጭድ ያገባሉ ወይ ብለሽ ጠይቂያት» አለኝ። ጠየቅኋት። ያገባሉ፣ የገብስ ነው አለች። አባቴ ራሱን ነቀነቀ፤ «ገብስ ደግ ነው» አለ። ሴትዮዋ አንሶላዋን እዚያው ወለል ላይ ጥላ ወረደች፣ ስትመለስ በትከሻዋ የሱፍ ምንጣፍ ተሸክማ ነበር። ቀይና ጥቁር፣ ጠርዙ የተበላ፣ እናቷ የሠራችው። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ካልሰቀላችሁት ብላ እንቢ አለች። አንሶላዋን እናቴ አጠበችላት።

እንግዶቹ የመጡት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ማክሰኞ መልካም ቀን ነው ተብሎ። ስድስት ሰው ነበሩ። እኅቴ ሳሎኑን ሙሽራ አስመስላዋለች፤ አዲስ የሶፋ ልብስ፣ አበባ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ቀርቦ። በሩን እኔ ከፈትኩ። የልጁ አባት መጀመሪያ ገባ፣ ረጅም፣ ነጭ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ። ሁለት እርምጃ እንደሄደ ቆመ። ኋላው ያሉት መግባት አቅቷቸው ደረጃው ላይ ታጨቁ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ሳበች። እኅቴ ክንዴን በጥፍሯ ያዘችኝ።

ሽማግሌው በዘንጉ ጫፍ ግድግዳውን ኳ አደረገ። ከዚያ በእጁ ዳበሰው።

«ማን መረገው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለ አባቴ።

«ማን ለቀለቀው?»

«እኔ ነኝ» አለች እናቴ፣ ከነጠላዋ ውስጥ።

ሽማግሌው ባርኔጣውን አውልቆ ኩላብ ላይ ሰቀለ። «በሉ ወንበር አምጡልን» አለ። «እኔ ከዚህ አልፌ የትም አልሄድም።»

ሳሎኑ ተረሳ። ስድስቱም እንግዶችና አባቴ በዚያ ጠባብ ኮሪደር ግራና ቀኝ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ተቀመጡ። ዳቦውን በራሳቸው ላይ እያሻገርን ነበር የምናቀብል። ሰባት ቤት ሲቆጠር፣ ዘር ከዘር እንዳይገናኝ የአያት ቅድመ አያት ስም ሲጠራ፣ የሚናገረው አባቴ ነበር። ድምፁ ጎልቶ፣ እጁን እያወራጨ፣ የትኛው አያት በየትኛው ተራራ ሥር እንደኖረ፣ ቤቱን ማን እንደሠራለት ጭምር። ማንም እኔን ተርጉሚ አላለኝም። ያቭኔ ተወልዶ ያደገው ሙሽራ ለእኅቴ ጆሮ፣ «ቤሰደር፣ ደህና ነው? ተስማሙ?» ሲላት ሰማሁ። «ስለ ጭድ ነው የሚያወሩ» አለችው እየሳቀች።

እኅቴ ተዳረች፣ ገዴራ ገባች። ኮሪደሩን ያዩ ሰዎች አባቴን እየመጡ ይወስዱት ጀመር፤ ለአንዱ የቤቱን መግቢያ፣ ለሽማግሌዎች መጦሪያ ቤት አንድ ግድግዳ። ሸክም አይነካም ነበር፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጎረምሶቹን ያዛል፣ ያርማል፣ ያሾፍባቸዋል። የታችኛዋ ጎረቤታችንም በበጋ ሙቀት ከሰዓት በኋላ እየወጣች ኮሪደራችን ውስጥ፣ ምንጣፏ ሥር ትቀመጥ ነበር። እሷና አባቴ በጠቅላላው ሠላሳ የማይሞላ ቃል ይጋሩ ነበር። ለሁለቱም በቂ ነበር።

አባቴ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ወገቡ ጠናበት። ከመኝታ ቤቱ እስከ በሩ ሲሄድ ዘንግ አልያዝም ብሎ መዳፉን የጭቃው ግድግዳ ላይ እያንሸራተተ ነበር የሚሄድ። ከሁለት ክረምት በፊት ዐረፈ፣ በቤቱ፣ ዕድሜ ጠግቦ። ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰው ሳሎኑ አልበቃው ብሎ ኮሪደሩ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ለሰው ውኃ ላቀብል ስመላለስ ነው ያየሁት። ግድግዳው ላይ፣ ከመኝታ ቤቱ በር እስከ መውጫው፣ መዳፉ የሄደበት መንገድ ለስልሶ፣ እንደ ተወለወለ ቆዳ ያበራል።

ያለፈው ፋሲካ ቤቱን ስናጸዳ የእኅቴ ባል፣ «እማ፣ እዚህ ጋ ተበልቷል፣ ልድፈንልሽ?» አላት እናቴን።

«እሱን ተወው» አለችው።

እናቴ አሁንም እዚያው ናት። ገዴራ ከኛ ጋር ኑሪ ብትላት እኅቴ፣ ያቭኔ ነይ ብላት እኔ፣ አልሰማችንም። ዓርብ ዓርብ ስንሄድ በሩን ራሷ ካልከፈተች አይሆንላትም፤ ከመኝታ ቤቷ ተነሥታ ቀስ ብላ ትመጣለች። የእግሯን ኮቴ እየሰማን ደረጃው ላይ እንጠብቃታለን። እሷም ዘንግ አትወድም። ቁመቷ ከአባቴ ያንስ ስለነበር፣ መዳፏ ከሱ መንገድ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ነው የሚሄድ። ባለፈው ዓርብ ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ እዚያም መለስለስ ጀምሯል።